ሐሙስ እስኪያልፍ

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ ከሌላ አገር ለማስተርስ የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ ማላመድ የእኔ ሥራ ነው። ከኬንያ ይመጣሉ፣ ከደቡብ ሱዳን ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ከጋና ድረስ። ለእነሱ ውጭ አገር ማለት እኛ ነን። ይህን ለሰፈሬ ሰው ስናገር ይስቅብኛል፤ ሰው ሁሉ መውጫ በሚፈልግበት ዘመን ወደዚህ ደግሞ ማን ይመጣል ይለኛል። ይመጣሉ እንጂ። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ቢሮዬ በር ላይ ሲቆሙ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ነው ያላቸው፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ እኔም አንድ ጊዜ ነበረኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ገለጻ የማደርገው እኔ ነኝ። መናገር እወዳለሁ፣ አልክድም። የመኖሪያ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» እንዴት እንደሚባል፣ ሰልፍ ጥሶ ሚኒባስ ውስጥ የሚገባውን ሰው እንዴት በክርን እንደሚመልሱት አስተምራለሁ። የሚበላ ሰው «እንብላ» ሲላችሁ መጀመሪያ እምቢ በሉ፣ ሁለተኛም እምቢ በሉ፣ በሦስተኛው እጃችሁን ታጠቡ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሳቃቸው በረድ ሲል ድምፄን ዝቅ አድርጌ የአባቴን ታሪክ እጀምራለሁ።

በወጣትነቴ ለትምህርት ህንድ ሄጄ ነበር። ቤታችን ያኔ ጌጃ ሰፈር ነው። በወር አንድ ቀን እደውልና አባቴን አገናኙኝ ስል «ልደታ ማርያም ሄዷል» ይሉኛል። በሚቀጥለው ወርም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። አባቴ በስተርጅና እንዲህ መጽናቱ ገረመኝ፣ ደስም አለኝ። ሰማያዊ ሸሚዝ ገዛሁለት። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ከኤርፖርት ወደ ቤታችን ሳይሆን ወደ አክስቴ ቤት ወሰዱኝ፤ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። አባቴ ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር። «ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ ብለን ነው» አሉኝ። ሸሚዙን ከሻንጣዬ አውጥቼ አክስቴ ላይ ወረወርኩት። ከወንድሜ ጋር ለሁለት ዓመት አልተነጋገርንም።

ታሪኩን ስጨርስ «ስለዚህ ከቤት መራቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምንም ቢገጥማችሁ እኔ አለሁ» እላለሁ። ከተማሪዎቹ አንድ ሁለቱ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ስንት ሰው እንዳለቀሰ በዓይኔ እቃኝ ነበር፤ ይህንንም አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

ከማላዊ የመጣችው ሴት አላለቀሰችም። ሠላሳ ዓመት አልፏት ይሆናል፤ አገሯ ውስጥ ነርስ ነበረች፣ እዚህ የመጣችው የኅብረተሰብ ጤና ለማጥናት ነው። ገለጻው ሲያልቅ ወደ እኔ መጥታ፣ በእንግሊዝኛ፣ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ነገር ጠየቀችኝ፤ «ሸሚዙ የት ደረሰ?» አለች። አክስቴ ለነዳይ እንደሰጠችው ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቅጹን አውጥታ፣ ችግር ሲደርስ የሚደወልለት ሰው በሚለው መስመር ላይ የእኔን ስልክ ቁጥር ጻፈች። «እርስዎ ይህን ነገር አይተውታል» አለችኝ።

ቤት ያገኘሁላት እኔ ነኝ፤ እኔ በምኖርበት በልደታው ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ። «እትዬ» በይኝ አልኳት፣ እትዬ አለችኝ። በመጀመሪያው ወር ሽሮ አቃጠለች፣ በሁለተኛው ወር ከዘበኛው ጋር መቀለድ ጀመረች፣ በሦስተኛው ላይ ልደታ ማርያም አጠገብ ያሉት ሽንኩርት ሻጮች ልጃችን ይሏት ነበር። የእኔ ሥራ ነው ብዬ ኮራሁ። ልጅቱ ቀድሞውንም ሰው ወዳድ መሆኗን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

እናቷ ሐይቅ ዳር የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ማታ ማታ በስልክ ይተያያሉ፤ ልጅቱ ስልኩን በመስኮት አውጥታ ባቡሩ ሲያልፍ ታሳያታለች። እኔ ካለሁ ስልኩን ወደ እኔ ታዞረዋለች። እናቷና እኔ የጋራ ቋንቋ የለንም። እሷ መዳፎቿን ገጥማ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጋ ታጨበጭባለች፤ የአክብሮት ሰላምታቸው ነው። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ እላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን። ሴትዮዋን በዚህ ብቻ ወድጃት ነበር፤ እሷም የወደደችኝ ይመስለኛል።

አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ የእድር ድንኳን ተተከለ፣ አንድ ጎረቤታችን ዐርፈው። ይዣት ለቅሶ ደረስኩ። ሟቹ በዚያው ቀን መቀበራቸውንና ዱባይ ያለው ልጃቸው ገና መንገድ ላይ መሆኑን ስነግራት ንፍሮ የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ልጁ ሳይደርስ ቀበሯቸው?»

«ለቅሶው ይጠብቀዋል» አልኳት። «ሲመጣ እንደ አዲስ ይለቀሳል።»

«በእኛ ቤት ልጆች ሁሉ አፈር ሳይጥሉ አይቀበርም። ቀን ቢፈጅም ይጠበቃል። ያልመጣ ልጅ...» አለችና ቃል ፈለገች። «ያልመጣ ልጅ ወላጁን እንደካደ ነው።»

እንግዲህ ነግራኛለች። አልሰማሁም ማለት አልችልም፤ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን «እንደየአገሩ ነው» ብዬ ንፍሮዬን ቆረጠምኩ።

በትምህርቷ መጨረሻ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ዲፌንስ ለአንድ ሐሙስ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት የውጭ ተማሪዎች አቋርጠው ሄደውብኝ ነበር፤ ኃላፊዬ በስብሰባ ላይ «የአንቺዎቹ መጀመር እንጂ መጨረስ አያውቁም» ብሎኝ ሰው ሁሉ ስቋል። ይህችኛዋ መጨረስ ነበረባት። ቅዳሜ ቤቷ ገብቼ ሳያት ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው፤ አንድ ገጽ ታነብና ስልኳን ታያለች። «አምጪው» አልኳት። «ሐሙስ እስኪያልፍ እኔ ጋ ይቀመጣል።» አንገራገረች። ለእናቷ እስከ ሐሙስ እንደማትደውል ነግራ ስልኩን አጥፍታ ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጧፍ ከሚሸጡት ሴቶች ፊት ለፊት ስደርስ፣ የእኔ ስልክ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው። ወንድሟ ነኝ አለኝ አንድ ሰው፣ በእንግሊዝኛ። እናታቸው እሑድ ጠዋት ገበያ ላይ ወድቃ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ ማረፏን ነገረኝ። እህቱ ስልክ አላነሳ ስላለች፣ አንድ ጊዜ የላከችለትን የእኔን ቁጥር ፈልጎ መደወሉን ነገረኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «እስከ ረቡዕ መጠበቅ እንችላለን» አለኝ። «ትመጣለች?»

ከዚህ ማላዊ አራት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የተማሪዎቹን ትኬት የማስቆርጠው እኔ ነኝ።

በዚያች ቅጽበት ስለ አባቴ አላሰብኩም። ሰማያዊው ሸሚዝም ትዝ አላለኝም። ያሰብኩት እናቴና አክስቶቼ ያስቡት የነበረውን ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በባዶ ሆድ አይነገርም፣ ሰው ሳይሰበሰብ ለብቻ ለሆነ ሰው አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛትና የሚያባብላት ኖሮ ነው። ደግሞም ሐሙስ አለ። ለእሷ ብዬ ነው ማለት ይቀናኛል፤ ግን የኃላፊዬም ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«ሐሙስ ትልቅ ፈተና አላት» አልኩት። «ከዚያ በኋላ ትመጣለች። አትጠብቋት።»

ጧፍ ሻጮቹ ስለ ዋጋ ይጨቃጨቁ ነበር።

«እሷ እንዲህ ከወሰነች እሺ፤ ነገ ቀትር ላይ እንቀብራለን» አለኝ በመጨረሻ።

ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር። አይ፣ እሷ አላወቀችም፣ እኔ ነኝ ለማለት ጊዜ ነበረኝ። እግዜር ያጽናችሁ አልኩትና ዘጋሁት።

ማክሰኞ ቢሮዬ ጠርቼ አለማመድኳት። ኮስታራውን ፕሮፌሰር ሆንኩላት፤ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ፣ እንደ እሱ እያሳልኩ፣ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ፣ ከሰማይ ወረደ?» ስላት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሰዓት ይላል፣ ቀትር። ረቡዕ ደግሞ ደረጃ ላይ አግኝታኝ፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ የእናቴን ድምፅ ልስማና ልመልስልዎት» ብላ ለመነችኝ። ስልኩ ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ነው። «ሐሙስ እስኪያልፍ አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ችኩል!» ብዬ ጉንጯን ቆነጠርኩ።

ሐሙስ ጥሩ ውጤት አመጣች። ኃላፊዬ ራሱ መጥቶ ጨበጠኝ። እሷ አበባዋን እንደታቀፈች ስልኳን ጠየቀችኝ፤ ቢሮ ቆልፌበታለሁ፣ ቁልፉን ቤት ረስቼዋለሁ አልኳት። ማታ መርዶ አይነገርማ። በዚያው ምሽት የእድራችንን ሴቶች አስተባበርኩ፤ አንዷ ንፍሮ ቀቀለች፣ አንዷ ቴርሞስ አዘጋጀች። ለዘበኛውም ነገርኩት፣ በሩን በጊዜ እንዲከፍት። ሁሉም «አንቺ ባትኖሪላት ምን ይውጣት ነበር» አሉኝ።

ዓርብ ማለዳ ስምንት ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯን አንኳኳን። ከፈተች። አየችን፤ ፊቷ በደስታ ፈካ። ለምረቃዋ መስሏት ነው።

«ግቡ! ግቡ!» አለች በአማርኛ። «ሻይ አለ!»

ሮጣ ጀበናውን ሳይሆን ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ጣደች፤ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ውኃ ይጣዳል ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አበባው በፕላስቲክ ጆግ ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዕድሜ የምትበልጠን መቆም አቅቷት ደረቷን መታችና ማልቀስ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ልጅቱ ክብሪቱን እንደያዘች እኔን አየችኝ።

«እናትሽ» አልኳት።

«መቼ?»

«እሑድ።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። «እነዚህ ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር?» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ሴቶቹን እያየች።

«ተቀበረች?»

«ማክሰኞ።» ወንድሟ ያን ሰኞ በስልክ ነግሮኝ ነበር። «ቀትር ላይ።»

ቆማ አሰበች። ምድጃውን አጠፋች። «ያን ሰዓት እርስዎ እያሳቁኝ ነበር» አለች።

አላለቀሰችም። ሴቶቹ ተጨነቁ፤ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ እርምሽን አውጪ» ይሏታል በቅጡ በማትሰማው ቋንቋ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችልኝ። መጀመሪያ ልታቅፈኝ የፈለገች መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ስልኳን ነበር የፈለገችው። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ቢሮ ቆልፌበታለሁ ያልኩትን ስልክ። እሱንም አየች።

ስልኩ ሲከፈት የተጠራቀመው መልእክት እየገባ ለረጅም ጊዜ ጮኸ። ቅዳሜ ማታ ከእናቷ የመጣ የድምፅ መልእክት ነበረበት፤ አልከፈተችውም፣ ጣቷን በላዩ አሳልፋ ወደ ታች ወረደች። የወንድሟን የመጨረሻ መልእክት አነበበችና እንዳነበው ወደ እኔ አዞረችው። «ፈተናሽ ከእናትሽ በልጦብሻል። እንግዲህ ይቅናሽ» ይላል።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት ብለው ያምናሉ» አለችኝ። «አሁን ይደውሉና እውነቱን ይንገሯቸው። እኔ ብነግራቸው ለራሷ ብላ ነው ይላሉ። ከእርስዎ አፍ ይስሙት።»

ልክ ነበረች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አላወቀችም፣ የደበቅኳት እኔ ነኝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። ወንድሟ አነሳ። ከኋላው የሰዎች ድምፅ፣ የሕፃናት ድምፅ ይሰማል፤ ቤቱ ገና በሐዘንተኛ የተሞላ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ብቻ ሳይሆኑ እዚያ ያለው ሕዝብ ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ የተከለ መሰለኝ።

«ስለ ሰኞው ጉዳይ ነው» አልኩት። «የዚያን ቀን መስመሩ ሲቆራረጥ ነበር። እናታችሁ ታማለች ያልከኝ መስሎኝ ነው... ሞት መሆኑን አልተረዳሁም። ኔትወርኩ ነው።»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ጥሩ ሴት ናት እንዲለኝ ሃያ ዓመት ስለፋ የኖርኩ ነኝ፤ አይቼው በማላውቀው ሰው ፊት እንኳ ያን ስም መጣል አቃተኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኔ የሰውንም አሳርሬ ነበር።

ልጅቱ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ድምፅ ማጉያውን አጥፍታ በራሷ ቋንቋ ማውራት ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ ረጅም ጊዜ። ከተናገረችው ሁሉ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። እትዬ። እትዬ ትላለች፣ ታቆማለች፣ ታዳምጣለች፣ እንደገና እትዬ ትላለች። እውነቱን እየነገረችው ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከኀፍረቴ ጋር አንድ ዓይነት እፎይታም መጣብኝ፤ ቢያንስ አለቀ።

ስልኩን ዘጋች።

«ምን አልሽው?»

«እርስዎ ያሉትን ደገምኩለት። ኔትወርክ ነው፣ እትዬ አልሰማችም፣ እኔም አላወቅኩም አልኩት። አመነኝ።» ዓይኗ ደረቅ ነበር። «እናቱን የቀበረ ሰው ነው። ከሁለታችን ማን እንደዋሸ ላስመርጠው አልፈለግኩም።»

እጇን ልይዝ ሞከርኩ። አልከለከለችኝም፤ እጇ ግን እንደ ዕቃ እጄ ውስጥ ተቀመጠ።

«እትዬ» አለችኝ። «ያልነገሩኝ ለእኔ ብለው ነው፤ ያን አንድ ቀን ይገባኝ ይሆናል። አሁን ያሉትን ግን ለራስዎ ነው ያሉት።»

ሴቶቹ እንግሊዝኛ አያውቁም። አንዷ ዞር ብላ «ምን አለችሽ?» ስትለኝ «አመሰገነችኝ» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት በረረች። ኤርፖርት ድረስ ልሸኛት ተነሥቼ ነበር፤ ዘበኛው ታክሲ ጠርታ ገና ሳይነጋ መውጣቷን ነገረኝ። አበባውን ከነጆጉ በሬ ላይ ትታው አገኘሁት። ዲግሪዋን ከወራት በኋላ በውክልና አስወሰደችው፤ ወረቀቱን ፈርሜ ያስረከብኩት እኔ ነኝ።

ገለጻውን አሁንም እሰጣለሁ። «እንብላ» ጋ ስደርስ ይስቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ወደ መኖሪያ ፈቃዱ አልፋለሁ። የአባቴን ታሪክ ትቼዋለሁ። ወንድሜ አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ቡና እየጠጣ ስለ ሸሚዙ አንስቶ ሲስቅ፣ ይቅርታ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ እሱን ለመጠየቅ እንኳ ይህን ሁሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

የእሷ ወንድም በየዓመቱ በእነሱ ገና መልእክት ይልክልኛል። እህቱ እንደምን እንዳለች ይጽፋል፤ ወደ ሆስፒታሏ ተመልሳለች፣ እናቷ መቃብር ላይ ድንጋይ አሠርታለች። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «በባዕድ አገር እናት ስለሆንሽላት ቤተሰቡ ሁሉ ያመሰግንሻል» ይላል። እሷ ራሷ አንድም ቀን ጽፋልኝ አታውቅም። መልእክቱን ሳነብ በየዓመቱ ዘንድሮስ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ መጻፍም እጀምራለሁ። ከዚያ አጥፍቼው «አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ እልክለታለሁ።